ተችፓዱ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ገጽ አላንሸራትት ሲል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የኮምፒውተር ዓምድ

ጥያቄ፦ ክቡራን አዘጋጆች፣ ዊንዶውስ በተጫነበት ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስን ለመማር ብዬ በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር በተሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ውስጥ ጭኜዋለሁ። በዊንዶውስ በኩል ሁለት ጣቶቼን ተችፓዱ ላይ አሳርፌ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስስብ ማናቸውም ገጽ ያለ ችግር ይንሸራተታል። ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ መስኮት ስገባ ግን ጠቋሚው ይንቀሳቀሳል፣ ጠቅ ማድረግም ይሠራል፣ ገጹ ግን ንቅንቅ አይልም። በሊኑክሱ ሴቲንግስ ውስጥ የተችፓድ ማስተካከያ ፈልጌ ማውስ ከሚለው ክፍል በቀር አላገኘሁም። የተችፓድ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያዝ ፕሮግራም) ናቸው የተባሉ ፓኬጆችን ብጭንም ለውጥ አላየሁም። አንድ ጓደኛዬ ማውስ ገዝቼ እንድገላገል ይመክረኛል። ከዚያ በፊት ሌላ መፍትሔ ካለ ብትጠቁሙኝ።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ፍለጋዎ የተጀመረበትን ቦታ እንለውጥ። በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ሊኑክስ ላፕቶፕዎ ተችፓድ እንዳለው ጨርሶ አያውቅም። የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሙ ለእንግዳው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም በውስጡ ለተጫነው ሊኑክስ፣ የሚያሳየው በሶፍትዌር የተሠራ ተራ ማውስ ነው፤ ግራና ቀኝ ቁልፎች፣ በመካከላቸውም አንድ መሽከርከሪያ ያለው። ስለዚህ በሊኑክሱ ሴቲንግስ ውስጥ የተችፓድ ክፍል አለመታየቱ ብልሽት ሳይሆን የሚጠበቅ ነገር ነው፤ የጫኗቸው ድራይቨሮችም የሚያዙት ዕቃ ስላላገኙ ያለ ሥራ ተቀምጠዋል። ቢያነሷቸው የሚጎድል ነገር የለም፤ እንዲያውም ኋላ ችግሩን ሲመረምሩ እንዳያደናግሩዎት አሁኑኑ ቢያነሷቸው ይሻላል።

ሁለት ጣትዎን ሲያንሸራትቱ የሚሆነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በዊንዶውስ በኩል ያለው የተችፓድ ድራይቨር የጣቶቹን እንቅስቃሴ አይቶ ወደ መሽከርከሪያ መዞር ይተረጉመዋል። ዊንዶውስ ይህን መልእክት ለቨርቹዋል ማሽኑ መስኮት ያደርሳል። የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሙ ደግሞ መልእክቱን ተቀብሎ፣ በሶፍትዌር የተሠራው ማውስ መሽከርከሪያው እንደዞረ አድርጎ ለእንግዳው ያቀርባል። በመጨረሻም የሊኑክሱ የማውስ ድራይቨር ይህን አንብቦ ጠቋሚው ላረፈበት ፕሮግራም ያስተላልፋል። መልእክቱ ከእነዚህ ቅብብሎች በአንዱ ላይ ጠፍቷል፤ ሥራችን በየትኛው ላይ እንደጠፋ ማወቅ ነው። ጠቋሚው መንቀሳቀሱና ጠቅታው መሥራቱ መንገዱ ሁሉ ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የጠቋሚው ቦታና የመሽከርከሪያው መዞር በተለያየ መልክ የሚተላለፉ፣ አንዳንዴም ጭራሽ በተለያየ መንገድ የሚጓዙ መረጃዎች ናቸውና አንዱ ደርሶ ሌላው ሊቀር ይችላል።

የጓደኛዎ ምክር እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ለመገላገያ ሳይሆን ለመመርመሪያ። መሽከርከሪያ ያለው ማናቸውንም የዩኤስቢ ማውስ ለጥቂት ደቂቃ ተውሰው ላፕቶፑ ላይ ይሰኩ፣ ቨርቹዋል ማሽኑን ከፍተው ጠቋሚውን ረዘም ባለ ገጽ ላይ ያሳርፉና መሽከርከሪያውን ያዙሩ። ማውሱን በዩኤስቢ ማስተላለፊያው በኩል ለቨርቹዋል ማሽኑ እንዳይሰጡት ይጠንቀቁ፤ ፈተናው ትርጉም የሚኖረው ማውሱ በዊንዶውስ እጅ እንዳለ ነው። ገጹ ከተንሸራተተ፣ ከቨርቹዋል ማሽኑ ወዲያ ያለው ሁሉ ጤናማ ነው፤ ችግሩ ያለው በዊንዶውስ በኩል፣ በተችፓዱ ድራይቨርና በቨርቹዋል ማሽኑ መስኮት መካከል ነው። ገጹ ካልተንሸራተተ ግን ተችፓዱን ለጊዜው ይርሱት፤ ጉድለቱ በሶፍትዌር በተሠራው ማውስ ላይ ወይም በእንግዳው ውስጥ ነው። ይህን ሳይለዩ ሴቲንግስ መነካካት የሚፈጀው ሰዓት ብዙ ነው፤ በአጋጣሚ ቢስተካከል እንኳ ምን እንዳስተካከለው ስለማይታወቅ በሚቀጥለው ጊዜ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

የማውሱ መሽከርከሪያ የሚሠራበትን፣ ተችፓዱ ግን የማይሠራበትን ሁኔታ በቅድሚያ እንመልከት፤ ከደብዳቤዎ አገላለጽ የምንጠረጥረውም ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች አሉ፤ መልካቸው ቢመሳሰልም መፍትሔያቸው አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው የቆዩ የተችፓድ ድራይቨሮች አሠራር ነው። ከእነዚህ ድራይቨሮች ብዙዎቹ ሁለት ጣት ሲንሸራተት የመሽከርከሪያ መልእክት በመላክ ፈንታ፣ ጠቋሚው ያረፈበትን መስኮት መርምረው ስክሮል ባር ሲያገኙ በቀጥታ ለስክሮል ባሩ የመውረድ ወይም የመውጣት ትእዛዝ ይልኩ ነበር። ዘዴው የማውስ መሽከርከሪያን ለማያውቁ አሮጌ ፕሮግራሞች የታሰበ በመሆኑ በጊዜው ብልሃት ነበር። የቨርቹዋል ማሽኑ መስኮት ግን በዊንዶውስ ዓይን ያለማቋረጥ የሚታደስ አንድ ምስል ብቻ ነው፤ በምስሉ ውስጥ የሚታየው የሊኑክሱ ስክሮል ባር ዊንዶውስ በስክሮል ባርነት የሚያውቀው ነገር አይደለም። ድራይቨሩ ትእዛዙን የሚሰጠው አካል ስለሚያጣ ዝም ይላል። በቲንክፓድ ላፕቶፖች ላይ ይመጣ የነበረው ድራይቨር እንዲያውም ለየትኛው ፕሮግራም ምን ዓይነት የስክሮል መልእክት እንደሚላክ የሚዘረዝር የጽሑፍ ፋይል ነበረው፤ ተጠቃሚዎችም የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራማቸውን ስም በዚያ ዝርዝር ላይ እየጨመሩ ችግሩን ይፈቱ ነበር።

የእርስዎ ላፕቶፕ በዚህ ክፍል ውስጥ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በዊንዶውስ ሴቲንግስ የተችፓድን ገጽ ይክፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው ዊንዶውስ 8.1 ጀምሮ ፕሪሲዥን ተችፓድ የሚባል ደንብ አለ፤ ይህን ደንብ በሚያሟሉ ላፕቶፖች ላይ የጣት እንቅስቃሴን የሚተረጉመው የአምራቹ ድራይቨር ሳይሆን ራሱ ዊንዶውስ ነው። በዊንዶውስ 10 ላይ ይህ ከሆነ በገጹ አናት ላይ ኮምፒውተሩ ፕሪሲዥን ተችፓድ እንዳለው የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ያነባሉ። ዐረፍተ ነገሩ ከሌለና የተችፓዱ ማስተካከያ የአምራቹን ምልክት ይዞ በተለየ መስኮት የሚከፈት ከሆነ፣ የሚጠረጠረው ያ የቆየ አሠራር ነው። መፍትሔው ከላፕቶፑ አምራች ገጽ በትክክለኛው የሞዴል ስም ፈልጎ የመጨረሻውን ድራይቨር መጫን ነው። ድራይቨሩን ካደሱ በኋላም ካልሠራ፣ በዚያው የአምራቹ መስኮት ውስጥ በሁለት ጣት ከማንሸራተት ይልቅ በተችፓዱ ቀኝ ጠርዝ በአንድ ጣት ማንሸራተትን መርጠው ይሞክሩ፤ በአንዳንድ ድራይቨሮች ሁለቱ ዘዴዎች የሚልኩት መልእክት የተለያየ ስለሆነ አንዱ እንቢ ሲል ሌላው የሚሠራበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ስውር ነው፤ የሚያጋጥመውም በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ነው። ዊንዶውስ የመሽከርከሪያን መዞር የሚለካው በቁጥር ነው፦ የተራ ማውስ መሽከርከሪያ አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል 120 የሚል ቁጥር ይላካል። ቁጥሩ 1 ሳይሆን 120 የተደረገው ወደፊት ከአንድ ቀጭታ ያነሰ፣ ለስለስ ያለ እንቅስቃሴ የሚለኩ መሣሪያዎች ሲመጡ ትናንሽ ክፍልፋዮችን እንዲልኩበት ታስቦ ነው። ፕሪሲዥን ተችፓድ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ጣትዎ በቀስታ ሲንሸራተት 3፣ 7፣ 12 እያለ ትናንሽ ቁጥሮችን በተከታታይ ሊያወጣ ይችላል። በሶፍትዌር የተሠራው ማውስ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሙሉ ቀጭታን ብቻ ነው። ስለዚህ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሙ የደረሰውን ቁጥር ለ120 ማካፈል ይኖርበታል። በደንብ የተጻፈ ፕሮግራም ትናንሾቹን እያጠራቀመ 120 ሲሞላ አንድ ቀጭታ ይልካል። በደንብ ያልተጻፈው ግን 7 ለ120 ሲካፈል ዜሮ ነው ብሎ ቀሪውን ይጥላል፤ ጠብታው ሁሉ ባልዲ አልሞላህም እየተባለ እንደሚደፋ ማለት ነው። እርስዎ ለደቂቃ ቢያንሸራትቱም እንግዳው ዘንድ የሚደርስ ነገር አይኖርም።

ይህን ምክንያት ከመጀመሪያው ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ሁለት ጣትዎን አንዴ እጅግ በዝግታ፣ አንዴ ደግሞ በኃይልና በፍጥነት ያንሸራትቱ። በዝግታው ምንም ሳይታይ በፍጥነቱ ገጹ ከተወረወረ፣ ትናንሾቹ ቁጥሮች እየተጣሉ ትልልቆቹ ብቻ እያለፉ ነው። በሁለቱም ጊዜ ፍጹም ዝምታ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ምክንያት ማዘንበል ይሻላል። የተጣሉ ቁጥሮች ችግር የሚፈታው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሙን ወደ አዲስ እትም በማሻሻል ነው፤ ከእንግዳው ውስጥ ሆኖ የሚደረግ ምንም ማስተካከያ አይረዳም፤ እንግዳው ያልደረሰውን ነገር ሊያስተካክል አይችልምና።

ከዚህ ሳንወጣ አንድ ትንሽ ነገር እናክል። ከዊንዶውስ 10 በፊት በነበሩት የዊንዶውስ እትሞች የመሽከርከሪያ መልእክት የሚሄደው ጠቋሚው ወዳለበት ሳይሆን መጨረሻ ጠቅ ወደተደረገበት መስኮት ነበር። ዊንዶውስ 10 ባልተመረጡ መስኮቶች ላይም ማንሸራተት የሚያስችል ማብሪያ ማጥፊያ በማውስ ሴቲንግስ ውስጥ ጨምሯል። ይህ ማብሪያ ጠፍቶ ከሆነና ቨርቹዋል ማሽኑን ሳይነኩ ጠቋሚውን ብቻ በላዩ ካሳለፉ ገጹ አይንቀሳቀስም፤ መጀመሪያ በውስጡ አንድ ጊዜ ጠቅ ያድርጉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሁኔታ እንለፍ፦ የተዋሱት ማውስ መሽከርከሪያም ቢሆን በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ አልሠራም እንበል። እንዲህ ከሆነ መመርመር ያለበት ለእንግዳው የቀረበው ማውስ ዓይነት ነው። ብዙ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሞች ከሚያቀርቧቸው አንዱ ፒኤስ 2 የሚባለው የማውስ ደንብ ነው፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ካወጣው ፒኤስ 2 ኮምፒውተር የተወረሰ ነው። በዚህ ደንብ ማውሱ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ 3 ባይት ይልካል፤ አንዱ ስለ ቁልፎቹ፣ ሁለቱ ስለ አግድምና ስለ ቁም እንቅስቃሴ። ለመሽከርከሪያ ቦታ የለውም፤ በ1987 መሽከርከሪያ ያለው ማውስ በገበያ ላይ የተለመደ አልነበረምና። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንተሊማውስን ሲያወጣ አራተኛ ባይት ጨመረ፤ አሮጌዎቹን ድራይቨሮች ላለማደናገር ግን ይህ ባይት እንዲላክ ድራይቨሩ መጀመሪያ አንድ ምልክት መስጠት አለበት። ምልክቱም ማውሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ሪፖርት እንዲያደርግ የሚወስነውን ቁጥር በተከታታይ 200፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 80 ብሎ ማዘዝና ወዲያው የመለያ ቁጥሩን መጠየቅ ነው። መሽከርከሪያ የሌለው ማውስ 0 ብሎ ይመልሳል፣ ያለው ግን 3 ብሎ ይመልስና ከዚያ በኋላ 4 ባይት መላክ ይጀምራል።

ይህን የምንተርከው ለታሪክ ብለን አይደለም። በሶፍትዌር የተሠራው ማውስም ይህንኑ ምልክት ስለሚጠብቅ፣ የእንግዳው ድራይቨር ምልክቱን ካልሰጠ መሽከርከሪያው እንደሌለ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ በአገልግሎት ላይ ያሉ ሊኑክሶችና ዊንዶውሶች ምልክቱን በራሳቸው ይሰጣሉ። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ዊንዶውስ 95ን የመሰለ አሮጌ ሲስተም የሚያስኬዱ አንባቢዎች ግን የማውስ አምራቹን ድራይቨር ሳይጨምሩ መሽከርከሪያ አያገኙም፤ ከዊንዶውስ 98 ወዲህ ያሉት መሽከርከሪያን ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቃሉ። በአሮጌ ሊኑክሶች ላይ ደግሞ የግራፊክስ ማዋቀሪያ ፋይሉ የመሽከርከሪያውን ደንብ በስም ጠቅሶ ወደ ቁልፍ 4 እና 5 እንዲመራ ካልታዘዘ መሽከርከሪያው አይሠራም ነበር።

የእርስዎ ሊኑክስ አዲስ ከሆነ አጭሩ መንገድ የማውሱን ዓይነት መቀየር ነው። ቨርቹዋልቦክስ በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ይህ የሚገኘው የማሽኑን ሴቲንግስ ከፍተው ሲስተም፣ ከዚያም ማዘርቦርድ በሚለው ሥር ፖይንቲንግ ዲቫይስ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ እዚያ ፒኤስ 2 ማውስ ተመርጦ ካገኙት ወደ ዩኤስቢ ታብሌት ይለውጡት። ስሙ አያሳስትዎ፤ ታብሌት የተባለው የጠቋሚውን ትክክለኛ ቦታ በስክሪኑ ላይ ስለሚናገር እንጂ ሌላ መሣሪያ ስለሚፈልግ አይደለም፤ መሽከርከሪያም አለው። የዩኤስቢ መቆጣጠሪያው ለማሽኑ መከፈት አለበት። ይህን ለውጥ ለማድረግ ቨርቹዋል ማሽኑ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ይኖርበታል፤ ባለበት ሁኔታ ተቀምጦ ከሆነ ዝርዝሩ ስለሚቆለፍ ብዙዎች ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ኪውኤምዩ የተባለውን የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ከሊኑክሱ ኬቪኤም ጋር የሚጠቀሙም እንዲሁ የዩኤስቢ ታብሌት ወይም የቨርቲዮ (ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ የተነደፈ የመሣሪያ ደንብ) ታብሌት መሣሪያ ቢጨምሩ ይበጃቸዋል። በቪኤምዌር በኩል ግን መጀመሪያ መረጋገጥ ያለበት በእንግዳው ውስጥ ቪኤምዌር ቱልስ ወይም በሊኑክስ ላይ የሚተካው ነጻ ፓኬጅ መጫኑ ነው።

በቨርቹዋልቦክስም ጌስት አዲሽንስ የሚባለውን ተጨማሪ ፓኬጅ በእንግዳው ውስጥ መጫን ይገባል፤ የጫኑትም እትም ከዋናው ፕሮግራም እትም ጋር መመሳሰል አለበት። ዋናውን ፕሮግራም አሻሽለው ፓኬጁን በአሮጌው መተው የተለመደ ነው፤ ከማሻሻያ በኋላ ስክሮል መሥራት ካቆመ መጀመሪያ የምናየው ይህንን ነው። ለምርመራ ያህል የማውስ ኢንተግሬሽንን፣ ማለትም ጠቋሚው በመስኮቱ ውስጥና ውጭ በነጻ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ምርጫ፣ ለጊዜው ማጥፋትም ጥሩ ነው፤ ኢንፑት ከሚለው ሜኑ ሥር ይገኛል። ሲያጠፉት ጠቋሚው በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ይያዛል፤ ለማስለቀቅ በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ያለውን ኮንትሮል ቁልፍ ይጫኑ፣ ካልቀየሩት በቀር የተመደበው ቁልፍ እሱ ነው። በተያዘ ጊዜ ስክሮል የሚሠራ፣ ባልተያዘ ጊዜ የማይሠራ ከሆነ ጉድለቱ በኢንተግሬሽኑ ፓኬጅ ላይ መሆኑን በቂ ምልክት አግኝተዋል።

መልእክቱ እንግዳው ድረስ መድረሱን በዓይን ማየት ከፈለጉ፣ በሊኑክሱ ውስጥ ኤክስኢቪ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፍተው ጠቋሚውን በነጭ መስኮቱ ላይ እንዳሳረፉ ሁለት ጣትዎን ያንሸራትቱ። በኤክስ የግራፊክስ ሥርዓት ደንብ ወደ ላይ ማንሸራተት እንደ ቁልፍ 4፣ ወደ ታች ማንሸራተት እንደ ቁልፍ 5 መጫን ሆኖ ይጻፋል፤ ወደ ጎን የሆነው 6 እና 7 ነው። ቁጥሮቹ እየተጻፉ ገጹ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ቨርቹዋል ማሽኑም ተችፓዱም ነጻ ናቸው፤ ጉዳዩ የዚያ አንድ ፕሮግራም ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ተችፓድ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስክሮል ያደርጋል፤ ነገር ግን ገጹ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ከውጭ እንደሚሆነው ለስለስ ብሎ ጣቴን እንዲከተል ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አይቻልም፤ ማሻሻል ግን ይቻላል። ከላይ እንደተባለው በመንገዱ ላይ የጣትዎ እንቅስቃሴ ተጠራቅሞ ወደ ሙሉ ቀጭታ ስለሚለወጥ፣ እንግዳው የሚያየው ጣትዎ ስንት ሚሊሜትር እንደሄደ ሳይሆን መሽከርከሪያው ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳለ ብቻ ነው። በዊንዶውስ ደግሞ አንድ ቀጭታ ካልተለወጠ በቀር 3 መስመር ነው። እንግዳው ዊንዶውስ ከሆነ በማውስ ሴቲንግስ ውስጥ የመስመሮቹን ቁጥር ወደ 1 ያውርዱት፤ ዝላዩ ወደ ሲሶው ይቀንሳል። ይህን ማስተካከያ በእንግዳው ውስጥ እንጂ ከውጭ አያድርጉት። በብራውዘሮች ውስጥ የሚገኘው የለስላሳ ስክሮል ምርጫም ዝላዩን በእንቅስቃሴ ይሸፍነዋል፤ እውነተኛውን መከታተል ባይሰጥም ዓይንን ያሳርፋል። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 5.0 ጀምሮ ከአንድ ቀጭታ ያነሱ እንቅስቃሴዎችን መቀበል ይችላል፤ ይህ የሚጠቅመው ግን በሶፍትዌር የተሠራው ማውስም ክፍልፋዮቹን ማስተላለፍ ሲችል ብቻ ነው። ወደ ጎን ማንሸራተት አብሮ ካልሠራልዎትም አይደነቁ፤ ባለ 4 ባይቱ የኢንተሊማውስ ደንብ የሚይዘው አንድ መሽከርከሪያ ብቻ ነው። በብዙ ፕሮግራሞች ሺፍትን ይዘው ወደ ታች ቢያንሸራትቱ ገጹ ወደ ጎን ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ማክ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ሲስተም በቨርቹዋል ማሽን አስኬዳለሁ። በውስጡ ስክሮሉ የተገላቢጦሽ ነው። ለምን?

መልስ፦ አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ኦኤስ ኤክስ ላየን ጀምሮ ገጹ የጣትን አቅጣጫ እንዲከተል አድርጎታል። በእንግዳውም ውስጥ ይኸው ናቹራል ስክሮሊንግ የተባለው ምርጫ በርቶ ከሆነ አቅጣጫው ሁለት ጊዜ ይገለበጥና ወደ ነበረበት ይመለሳል። በእንግዳው ውስጥ ያለውን ያጥፉ፤ የማኩን አይንኩ።

ጥያቄ፦ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለኝ ሊኑክስ መስኮት የሌለው፣ ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ የሚቀበል የሰርቨር እትም ነው። ያለፈውን ጽሑፍ በሁለት ጣት መልሼ ማየት አልቻልኩም። ምን ማስተካከል አለብኝ?

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ከተችፓዱም ከቨርቹዋል ማሽኑም ጋር አይገናኝም። የሊኑክስ የጽሑፍ ኮንሶል የማውስ መሽከርከሪያን ጽሑፍ ለመመለሻነት አይጠቀምበትም፤ በእውነተኛ ኮምፒውተር ላይ ቢሆንም ያው ነው። ቀድሞ ሺፍትንና ፔጅ አፕን አብሮ በመጫን ያለፈውን ጽሑፍ መመልከት ይቻል ነበር፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ከርነል 5.9 ከኮንሶሉ ወጥቷል። ጥሩው መንገድ በቨርቹዋል ማሽኑ መስኮት ውስጥ መሥራትን መተው ነው። በእንግዳው ላይ የኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በጽሑፍ ትእዛዝ መስጫ) ሰርቨር ይክፈቱ፣ ከዚያ ከአስተናጋጁ፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑን ከሚያስኬደው ኮምፒውተር፣ ተርሚናል ተነሥተው በኤስኤስኤች ይግቡ። ጽሑፉን የሚያሳየው የአስተናጋጁ ተርሚናል ስለሚሆን ሁለት ጣት ያለ ምንም ማስተካከያ ይሠራል፣ ጽሑፍ መቅዳትና መለጠፍም አብሮ ይመጣል። የቨርቹዋል ማሽኑ ኔትወርክ ናት (NAT) በተባለው ዓይነት ላይ ከሆነ በቨርቹዋልቦክስ ከአስተናጋጁ ወደ ውስጥ ለመግባት አንድ ፖርት ማስተላለፍ ያስፈልግዎታል፤ ከዚያ ውጭ የሚከብድ ነገር የለውም። መስኮቱ ውስጥ መቆየት ግድ ከሆነብዎት ረዘም ያለ ውጤት የሚያወጡ ትእዛዞችን ወደ ሌስ ፕሮግራም እየመሩ በኪቦርድ ያንብቧቸው፣ ወይም ያለፈውን ጽሑፍ ራሱ የሚያስቀምጠውን ቲመክስን ይጫኑ።

ጥያቄ፦ ሦስት ጣትና አራት ጣት የሚጠቀሙ እንቅስቃሴዎችም በእንግዳው ውስጥ እንዲሠሩልኝ እፈልጋለሁ። ልክ እንደ ፍላሽ ዲስክ ተችፓዱን እንዳለ ለቨርቹዋል ማሽኑ አሳልፌ መስጠት አልችልም?

መልስ፦ በአብዛኛው ላፕቶፕ አይችሉም። የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሞች በቀላሉ አሳልፈው የሚሰጡት በዩኤስቢ የተሰካን ዕቃ ነው፤ የላፕቶፕ ተችፓድ ግን ብዙውን ጊዜ ከሰሌዳው ጋር የሚገናኘው በፒኤስ 2 ወይም አይቱሲ በሚባለው መስመር ስለሆነ በዩኤስቢው ዝርዝር ውስጥ አይታይም። ለብቻው የሚሸጥ የዩኤስቢ ተችፓድ ካለዎት እሱን ማሳለፍ ይችላሉ፤ እንግዳውም እውነተኛ ተችፓድ ስለሚያይ በሴቲንግሱ ውስጥ የተችፓድ ክፍል ይከፈታል፣ የሦስት ጣት እንቅስቃሴውም ይሠራል። እስከሚመልሱት ድረስ ግን አስተናጋጁ አያገኘውም።

አስተናጋጁም እንግዳውም ሊኑክስ ሲሆኑ ሌላ በር ይከፈታል። ኪውኤምዩ በአስተናጋጁ ላይ ያለን የግብዓት መሣሪያ፣ በምን መስመር እንደተገናኘ ሳይለይ፣ በቨርቲዮ በኩል እንዳለ ለእንግዳው የሚያስረክብ መሣሪያ አለው። ለኪውኤምዩ የተችፓዱን የክስተት ፋይል (ሊኑክስ የመሣሪያውን እንቅስቃሴ የሚያሳይበትን ፋይል) ያሳዩታል፤ ፋይሉን ለማንበብም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጣት ያረፈበት ቦታ ሳይተረጎም ወደ እንግዳው ይደርሳል፣ ትርጉሙንም በውስጥ ያለው ሊብኢንፑት የተባለው የሊኑክስ የግብዓት ተርጓሚ ራሱ ይሠራል። ዋጋው ቨርቹዋል ማሽኑ እስካልተዘጋ ድረስ አስተናጋጁ ተችፓዱን ማጣቱ ነው። ስለዚህ ይህን ከመሞከርዎ በፊት ሌላ ማውስ ይሰኩ፣ ወይም ቨርቹዋል ማሽኑን በኪቦርድ ብቻ መዝጋት የሚችሉበትን ትእዛዝ አስቀድመው ይለዩ፤ የክስተት ፋይሎቹ ቁጥር ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ሊቀያየር ስለሚችልም በቁጥሩ ፈንታ በመሣሪያው ቋሚ ስም የተሰየመውን መንገድ ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ አንድ ቀን በተችፓዱ ምትክ ኪቦርዱን አስረክበው ያገኙታል።